አዲስ ነገር ሳልጨምር፣ ባለኝ ቀን ውስጥ መረጋጋት እችላለሁ?

ሩጫ በቃኝ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታግሳችሁ አንብቡልኝ።

ውስጤ አያርፍም። ከውጭ ስታዩኝ ደህና ነኝ፤ እሠራለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሐኪም ጋ ሄጄም "የሚያሰጋ ነገር የለም" ተብያለሁ። ግን ጥርሴን ስቦርሽ ስለ ስብሰባው አስባለሁ፣ ስብሰባው ላይ ቁጭ ብዬ ቤት ስለተከመረው ልብስ አስባለሁ፣ ማታ ልብሱን ሳጥፍ ደግሞ ስብሰባው ላይ የተናገርኳትን አንዲት ዓረፍተ ነገር እያመላለስኩ አመሻለሁ። ባለፈው ልጄ "እማዬ፣ ትናንት የነገርኩሽን ታስታውሻለሽ?" አለችኝ። ትናንት ስትነግረኝ አጠገቧ ነበርኩ። ጭንቅላቴንም እየነቀነቅኩ ነበር። ምንም አላስታወስኩም። ያ ነገር እስካሁን ያመኛል።

ከጥቂት ወራት በፊት የጠዋት ፕሮግራም ጀምሬ ነበር። ከወትሮው አንድ ሰዓት ቀድሜ እነሳለሁ፣ 20 ደቂቃ በአፕ ሜዲቴሽን፣ 10 ደቂቃ ሰውነት ማፍታታት፣ ከዚያ ሦስት ገጽ መጻፍ። ዘጠኝ ቀን ሄድኩበት። በአሥረኛው ልጄን ትኩሳት ያዛትና ሌሊቱን ስንነቃ ስንተኛ አደርን፣ ጠዋት መነሳት አልቻልኩም፣ በዚያው ቀረ። አሁን ዓይኔን ስገልጥ የመጀመሪያው ሐሳቤ "ዛሬም አላደረግኩትም" የሚል ነው። ላርፍበት ያመጣሁት ነገር ሌላ ዕዳ ሆነብኝ።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይሄ ነው። ቀኔ ላይ ትርፍ ሰዓት የለም። አሁን በማደርጋቸው ተራ ነገሮች መሃል ትንፋሽ የሚሰጣችሁ ልማድ ያላችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። እናንተው ራሳችሁ የምታደርጉትን። እንዴት እንደጀመራችሁትም ጭምር፣ ምክንያቱም እኔን የሚያቅተኝ እሱ ነው።

አዳር ተረኛ፦

እህቴ፣ የልጅሽን ነገር ሳነብ ልቤ ተነካ። እኔም ቤት ውስጥ እያለሁ "የለሽም እኮ" የተባልኩበት ጊዜ ነበር።

ነርስ ነኝ። ትርፍ ደቂቃ የሌለው ሥራ ከተባለ አንዱ የኛ ነው። የኔ ልማድ እጅ መታጠብ ነው። በአንድ ፈረቃ ስንቴ እንደምታጠብ ቆጥሬ አላውቅም፣ ብቻ ብዙ ነው፤ ለዓመታት ግን እጄ ውሃ ውስጥ ሆኖ ሐሳቤ የሚቀጥለው አልጋ ጋ ይደርስ ነበር። በሥራ የቀደመችኝ አንድ ባልደረባዬ ናት አንድ ቀን አይታኝ "ቧንቧው ጋ ስትቆሚ እዚያው ሁኚ" ያለችኝ። ያኔ ብዙም አልገባኝም።

እጅ በደንብ እንዲጸዳ ሳሙና ይዞ ቢያንስ 20 ሴኮንድ ማሸት ያስፈልጋል። ያቺን 20 ሴኮንድ ማንም አይወስድብኝም፣ ሥራዬ ናት። መጀመሪያ የውሃውን ሙቀት ልብ እላለሁ። ከዚያ መዳፍ፣ የእጅ ጀርባ፣ የጣቶች መሃል፣ አውራ ጣት፣ ጥፍር ሥር። ቅደም ተከተሉን ሁላችንም ተምረነዋል፣ እኔ የጨመርኩበት ነገር የለም፤ እጄ ያለበት ቦታ ላይ ሐሳቤንም አስቀምጣለሁ፣ ያ ብቻ ነው። ሌላ ሐሳብ ይመጣል። ይምጣ። ወደ አውራ ጣቴ እመለሳለሁ። ሳደርቅ ትከሻዬን አወርዳለሁ፣ ሁልጊዜ ጆሮዬ ጋ ደርሶ ነው የማገኘው።

አንድ ሌሊት ለሳምንታት የተንከባከብኳቸው እናት አረፉ። ቤተሰቡን አነጋግሬ ስወጣ፣ ከጎን ባለው ክፍል መድኃኒት የሚሰጠው ትንሽ ልጅ እየጠበቀኝ ነበር። ቧንቧው ጋ ቆምኩ። እያለቀስኩ ነው የታጠብኩት። ሐዘኔ አልሄደም፣ እንዲሄድም አልፈለግኩም፤ ግን ውሃውን ዘግቼ ልጁ ጋ ስገባ እውነትም እሱ ጋ ገባሁ። ስሙን ጠራሁት፣ ዓይኑን አየሁት። ያን ሌሊት ነው የባልደረባዬ ነገር የገባኝ።

እንዴት ጀመርሽ ላልሽው፣ በሁሉም ቧንቧ አልጀመርኩም። ከሁሉም ቧንቧዎች በሩ አጠገብ ያለውን ብቻ መረጥኩ። የመጀመሪያው ሳምንት አብዛኛውን ጊዜ ትዝ የሚለኝ ውሃውን ከዘጋሁ በኋላ ነበር። ያንንም ቆጠርኩት።

ቀስ በቀስ፦

ከላይ ያለውን መልስ ሁለቴ አነበብኩት፣ አመሰግናለሁ። እኔ ሥነ ልቦና አስተምራለሁ፣ ስለዚህ ትንሽ ከጥናቱ ወገን ልጨምር።

መጀመሪያ "አእምሮዬ ከማደርገው ነገር ጋር የለም" ያልሽው ያንቺ ብቻ ችግር እንዳይመስልሽ። ማቲው ኪሊንግስዎርዝ እና ዳንኤል ጊልበርት የተባሉ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ሳይንስ መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት አለ። 2,250 ሰዎችን በስልካቸው፣ ባልጠበቁት ሰዓት፣ አሁን ምን እያደረግክ ነው፣ ሐሳብህስ እዚያ ነው ወይ፣ ምን ይሰማሃል እያሉ ጠየቁ። መልሶቹ ሲሰበሰቡ በ46.9 በመቶው ጊዜ የሰዎቹ ሐሳብ ሌላ ቦታ ነበር። ግማሽ ሊሞላ ምንም አልቀረው። ሐሳባቸው ሲንከራተት ደግሞ ደስታቸው ይቀንስ ነበር፤ ስለ ደስ የሚል ነገር የሚያስቡት እንኳ እጃቸው ላይ ባለው ሥራ ላይ ካሉት ሰዎች የበለጠ ደስታ አልተሰማቸውም። እኔን የገረመኝ ይሄኛው ነው፤ የቀን ሕልም እንኳ የተሻለ ስሜት አልሰጣቸውም።

ሁለተኛ፣ ስለ ሜዲቴሽኑ። ዛሬ ማይንድፉልነስ የሚባለውን፣ ማለትም ልብን አሁን በሚሆነው ነገር ላይ ማድረግን፣ ወደ ሕክምና ቤት ያስገባው ጆን ካባት-ዚን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት። የስምንት ሳምንት ሥልጠና ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው ቁጭ ብሎ የሚደረገውን ክፍል ብቻ ነው፣ አፖቹም የሚሸጡት እሱን ነው። ሥልጠናው ግን ሌላም ነገር አለው፤ ሰዎቹ አንድ ተራ የቤት ሥራ መርጠው፣ ጥርስ መቦረሽም ይሁን ገላ መታጠብ፣ በሙሉ ልባቸው እንዲያደርጉት ይታዘዛሉ። ስለዚህ አንቺ የጠየቅሽው አቋራጭ መንገድ አይደለም። የትምህርቱ አካል ነው።

በዕቃ ማጠብም የተሞከረ ነገር አለ። በፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ 51 ተማሪዎችን ዕቃ አሳጠቧቸው። ግማሾቹ ከመጀመራቸው በፊት የውሃውን ሙቀት፣ የሳሙናውን ሽታ፣ የሳህኑን ልስላሴ ልብ እንዲሉ የሚነግር አጭር ጽሑፍ አነበቡ፤ ሌሎቹ ዕቃ እንዴት እንደሚታጠብ ብቻ። የመጀመሪያዎቹ የመረበሽ ስሜታቸው 27 በመቶ ቀነሰ፣ የሌሎቹ አልቀነሰም። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ አንድ ጊዜ የተደረገ ነው፣ ከሚገባው በላይ አታግዝፉት። እኔ ግን አንድ ነገር ወስጄበታለሁ። ሳህኑም፣ ውሃውም፣ ሰዓቱም ያው ነበር፤ የተለየው ከመጀመራቸው በፊት ያነበቡት ጥቂት መስመር ብቻ ነው።

አሁን ወደ አሥረኛው ቀንሽ። ለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ውስጥ 96 ሰዎች አዲስ ልማድ ሲጀምሩ የተከታተለ ጥናት አለ። ልማዱ ሳይታሰብ በራሱ የሚመጣበት ደረጃ ላይ ለመድረስ በአማካይ 66 ቀን ፈጀ፣ እንደ ሰውየውና እንደ ልማዱ ግን ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። እዚያ ውስጥ ያለውን አንድ ነገር ልብ በይልኝ፦ አንድ ቀን መዝለል ልማዱን አላበላሸውም። አንቺን ያቆመሽ የዘለልሽው ቀን አይመስለኝም። ስለዘለልሽው ቀን ለራስሽ የነገርሽው ነገር ነው።

ምን ላድርግ ካልሽኝ ከምታደርጊው ነገር አንድ ምረጪ። የማይቀር ይሁን፣ በየቀኑ አንድ ቦታ ላይ የሚደረግ ይሁን፣ አምስት ደቂቃ የማይሞላ ይሁን። ምልክቱን ለይተሽ እወቂ፤ "ማታ" ማለት ምልክት አይደለም፣ "ቧንቧውን ስከፍት" ማለት ምልክት ነው። ከዚያ ምልክቱ ላይ አንድ ረዘም ያለ ትንፋሽ አስወጪ። ወደ ውስጥ ከምትስቢው የምታስወጪው ይርዘም። ስንተነፍስ፣ አየር ስናስገባ ልብ ትንሽ ይፈጥናል፣ ስናስወጣ ይዘገያል፤ ይሄን የሚያደርገው ቬገስ የሚባለው ከአንጎል ሥር ወርዶ ልብና ሆድ ድረስ የሚደርሰው ነርቭ ነው። ስለዚህ የማስወጫው ጊዜ ሲረዝም ሰውነትሽ ራሱ ዝግ ይላል። ተረጋጊ ብለሽ ራስሽን ማዘዝ አይጠበቅብሽም።

ድምፅ አድማጭ፦

በትንፋሹ ነገር ላይ ልለይ። ለሁሉም ሰው አይሆንም፣ ማንም አስቀድሞ ስላልነገረኝ ብዙ ተሠቃይቻለሁ።

ከአንድ አደጋ በኋላ ፓኒክ፣ ድንገተኛ ከባድ ፍርሃት ማለት ነው፣ ይመጣብኝ ነበር። ዓይንህን ጨፍንና ትንፋሽህን ተከተል ተባልኩ። ስከተለው ጭራሽ ባሰብኝ። ትንፋሼን ባዳመጥኩ ቁጥር "ልክ አይደለም፣ አጠረኝ" እያልኩ ደረቴ ይጨመደዳል። ለአንድ ዓመት ያህል እኔ ለዚህ ነገር አልተፈጠርኩም ብዬ ተውኩት። በኋላ ያየችኝ የሥነ ልቦና ባለሙያ ቀለል አድርጋ አስረዳችኝ፤ ሰውነት ውስጥ ፍርሃት ላለበት ሰው ወደ ውስጥ መመልከት ፍርሃቱን ሊያጎላው ይችላል፣ እንዲህ ያለው ሰው ዓይኑን ገልጦ ወደ ውጭ ቢጀምር ይሻለዋል አለችኝ።

ስለዚህ የኔ መልሕቅ ድምፅና እግሬ ናቸው። ከቤት ወጥቼ መንገዱ ጠርዝ እስክደርስ የጆሮ ማዳመጫ አላደርግም። ከሁሉም ርቆ የሚሰማኝን ድምፅ እፈልጋለሁ። ከዚያ ቅርቡን። ከዚያ የጫማዬን ሶል፣ ተረከዜ ሲያርፍ፣ ጣቶቼ ሲገፉ። ሁለት ደቂቃ አይሞላም። አንዳንድ ቀን ከሰፈሩ ጫጫታ ውስጥ አንድ ወፍ ትገኛለች፣ አንዳንድ ቀን የመኪና ጥሩምባ ብቻ ነው። ጥሩምባውም ያገለግላል፣ ጸጥታ እስኪገኝ መጠበቅ የለብኝም።

ሌላም ልናገር፣ ከልቤ ነው። ልማዱ እንድታርፉበት እንጂ እንድትፈሩበት አይሁን። "ካላደረግኩት መጥፎ ነገር ይደርሳል" የሚል ስሜት ከመጣ፣ ወይም ልክ እስኪሆን ደጋግሞ ማድረግ ከተጀመረ፣ እሱ ሌላ ነገር ነው፣ ለባለሙያ መንገር ይሻላል። ጭንቀቱ እንቅልፍና ሥራ የሚነሳ ከሆነም እንዲሁ። ዕቃ ማጠብ ሕክምናን አይተካም።

የመንትያዎች አባት፦

የኔ አጭር ናት። ከሥራ ስመለስ በር ላይ ጫማዬን ሳወልቅ ቁጭ ብዬ ነው የማወልቀው። ድሮ ቆሜ፣ ስልኬን በአንድ እጄ ይዤ፣ አንዱን እግር በሌላው እየገፋሁ ነበር የማወልቀው። አሁን ስልኩን መጀመሪያ መሳቢያ ውስጥ አስገባለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ ክሩን እፈታለሁ፣ ጫማዎቹን ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ። አንዷ መንትያ ይሄንን አይታ የራሷን ጫማ ጎኑ ታስቀምጣለች፣ ሌላኛው ጀርባዬ ላይ ይወጣል። የተረጋጋ ቤት ነው ማለቴ አይደለም። ስገባ ግን ገብቻለሁ።

ስልኩ ባይርቅ ኖሮ የቀረው ሁሉ አይሠራም ነበር። ይሄን አጥብቄ ነው የምለው።

ሩጫ በቃኝ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ነው ያነበብኩት። "ዕዳ" ያልኩትን ነገር "ቀስ በቀስ" የተባለው ጸሐፊ እንዲህ ፈትቶ ሲያሳየኝ እፎይ አልኩ፣ እውነቴን ነው።

የማታውን ዕቃ መርጫለሁ። ምልክቴ ቧንቧውን መክፈት። አንድ ጥያቄ ብቻ ለአዳር ተረኛ፤ ልጄ መሃል ላይ ብትጠራኝስ? ሁልጊዜ ትጠራኛለች። እሷን "ቆይ" ብዬ ሳህን ላይ ማተኮር ደግሞ ነገሩን ሁሉ የተገላቢጦሽ ያደርገዋል።

አዳር ተረኛ፦

ስትጠራሽ ውሃውን ዝጊ፣ እጅሽን አድርቂ፣ ዞረሽ እያት። እጅሽን እስክታደርቂ ያለችው ጊዜ ትበቃለች። እኔንም እኮ ታካሚ ይጠራኛል። ሳህኑ መለማመጃ ነው፤ ልጅሽ ስትጠራሽ የተለማመድሽውን ይዘሽ ወደ እሷ ትዞሪያለሽ። ሲያልቅ ተመልሰሽ ቧንቧውን እንደገና ትከፍቻለሽ፣ ምልክቱም እንደገና መጣ ማለት ነው።

ሩጫ በቃኝ፦

ከአምስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። እንዴት እንደሆነ እነግራችኋለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት አሰልቺ ነበሩ። ውሃ፣ ሳሙና፣ ሳህን፣ በቃ። ሳህኑን ይዤ "አሁን መረጋጋት አለብኝ" እያልኩ ስጠብቅ ምንም አልመጣም፣ እንዲያውም ተናደድኩ። በሁለተኛው ሳምንት መጠበቁን ተውኩት፤ ይምጣም አይምጣ ሳህኑ ይታጠባል አልኩ። ከዚያ ወዲህ ነው ነገሩ የቀለለኝ። በቁጥር ልንገራችሁ ብል፣ ከሰባት ቀን በሦስቱ ወይ በአራቱ ትዝ ይለኛል። በቀሩት ዕቃው ሁሉ ታጥቦ ካለቀ በኋላ ነው "ውይ" የምለው። ሁለት ቀን ጭራሽ አላጠብኩም፣ ደክሞኝ ተኛሁ፣ ጠዋትም "ዛሬም አላደረግኩትም" የሚለው ሐሳብ አልመጣም። ይሄ ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

ረዥሙ ትንፋሽ ተስማምቶኛል። ስብሰባ ላይም አንድ ሁለት ጊዜ ሳላስበው መጣልኝ፣ ሰው ሲናገር። ሐሳቤ መንከራተቱን አላቆመም፣ ያቆማል ብዬም አሁን አልጠብቅም፤ ግን መሄዱን ቶሎ አውቀዋለሁ። ድሮ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነበር የማውቀው።

ልጄ እንደፈራሁት ትጠራኛለች። ውሃውን እዘጋለሁ፣ አደርቃለሁ፣ እዞራለሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ ረዥም ታሪክ ነገረችኝ፣ አንዲት ጓደኛዋ ከሌላዋ ጋር ተጣልታ እሷ መሃል ላይ ሆና ሁለቱንም እንዴት እንደምታናግር ጨንቋት። እጄ ላይ ፎጣ ይዤ ቆሜ ሰማኋት። በማግስቱ "ታረቁ?" ብዬ ጠየቅኳት። ትንሽ ዝም ብላ አየችኝ፣ ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረችኝ።

አንድ ጥያቄ ለቀስ በቀስ፦ አሁን ሁለተኛ ልማድ ልጨምር? ልብስ ማጠፍን አስቤ ነበር።

ቀስ በቀስ፦

ገና ነው። አምስት ሳምንት 35 ቀን ነው፣ ልማድሽ ሥር እየሰደደ ነው፣ ተይው ይስደድ። ልብሱን ስታጥፊ ሳትጠሪው ራሱ ከመጣ ግን አትከልክይው።